ዝም ያለው ቺንጋ፦ ከጎሬ እስከ ፑኝዶ

ጎሬ ተመልሼ ከገባሁ ጀምሮ ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው፤ "ሙቀቱን እንዴት ቻልሽው?" እና "አዞ አየሽ?" አዞ አላየሁም። ሙቀቱንም አልቻልኩትም፣ እሱ ነው የቻለኝ። እኔ ልነግራችሁ የምፈልገው ግን ስለ አንድ የመኪና ቺንጋ ነው። ይህን ስል ሰዉ ይስቃል። ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው እየጀመርኩ ሳወራ ጉሮሮዬ ስለደረቀ ጻፍኩት። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ የጻፍኩት ግን ይነበባል።

የሄድኩት አማቾቼን ለማየት ነው። ልጄ ደረጀ ጋምቤላ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራል። ሚስቱ አሪየት የአኙዋ ልጅ ናት፤ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። እናቷ የምትኖረው ከጋምቤላ ራቅ ብሎ ፑኝዶ ነው። ሲጋቡ እኔ ታምሜ ተኝቼ ስለነበር ከሴትዮዋ ጋር ተያይተን አናውቅም። ሐና የምትባል የልጅ ልጅ ግን አለችን። ሁለት አያቶች አንዲት ልጅ ይዘን ሳንተያይ ልናልፍ ነው ወይ ብዬ ተነሣሁ።

ለማታውቁኝ ደግሞ፦ እኔና ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ጎሬ ውስጥ ለብዙ ዘመን ወፍጮ ቤት ነበረን። ስለዚህ ቺንጋ አውቃለሁ፤ ከሞተሩ ኃይሉን ተቀብሎ ድንጋዩን የሚያዞረውን ጠፍጣፋ ጎማ ማለቴ ነው። ሰው የልጆቹን ለቅሶ እንደሚለይ እኔም የቺንጋ ጩኸት እለያለሁ።

ሰኞ

ሚኒባሱ ጋ የደረስኩት ከሁሉ ቀድሜ ነው። የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ማሬን እግሬ ሥር አስተካክዬ ሳበቃ፣ ቦርሳ የያዘ ሰውዬ መጣና ሾፌሩ "እማማ፣ ወደ ኋላ ቢያልፉ?" አለኝ።

"ለምን?"

"እሳቸው ኃላፊ ናቸው።"

"እኔ ደግሞ ቀድሜ የመጣሁ ነኝ።"

ሰውየው አፈረና ከኋላ ተቀመጠ። መልካም ሰው ነበር፤ በኋላ ላይ የተጠበሰ በቆሎ አካፍሎኛል።

ከጎሬ ሳንወጣ ከሞተሩ ውስጥ አንድ ነገር ጮኸ። "ልጄ፣ ቺንጋህ እየተንሸራተተ ነው" አልኩት።

"የፋን ቺንጋ ነው እማማ። ጠዋት ጠዋት ይጮሃል፤ ሲሞቅ ይተወዋል።"

ሞቀ፣ አልተወም። ቡሬ ስንደርስ ሾፌሩ ወረደ፣ ኮፈኑን ከፈተና ከኪሱ ቁራጭ ሳሙና አውጥቶ ቺንጋውን አሸው። ሞተሩን ሲያስነሣው ጸጥ አለ። "ይኸው ዳነ!" አለኝ እየሣቀ።

"አፉን በሳሙና ዘጋህበት እንጂ ሕመሙን አላዳንከውም።"

"እማማ፣ ይሄ እኮ ወፍጮ አይደለም!"

ተሳፋሪው ሁሉ ሣቀብኝ። 

ከቡሬ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው። በየመታጠፊያው አንድ ልብስ ታወልቃላችሁ። እኛ አገር ደመናው ጣራ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ጋቢ የምናወልቅበትም ወር የለንም። እዚያ ግን የመስኮቱ ነፋስ ራሱ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ነው። ጋቢዬን አጣጠፍኩ፣ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ነጠላዬን ከራሴ አወረድኩ። የማወልቀው ሲያልቅብኝ ሞተሩ ውስጥ "ጧ!" አለ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፣ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ወደ ቀዩ ወጣች፣ ቆምን።

ያ ቺንጋ ማራገቢያውን ብቻ ሳይሆን ውኃውን በሞተሩ ውስጥ የሚያዞረውንም ፓምፕ ነው የሚያሽከረክረው። ሾፌሩ መለዋወጫውን ቤቱ ረስቶታል። ሰው ሁሉ ወርዶ የተበጠሰውን ጎማ ሲያይ እኔ፣ "አሁንስ ወፍጮም አይደለም፣ መኪናም አይደለም" አልኩ። መጀመሪያ የሣቀው ሾፌሩ ራሱ ነው።

"የናይለን ስቶኪንግ ያለው ሰው አለ? አስረነው እስከሚቀጥለው መንደር ያደርሰናል" አለ። በዚያ ሙቀት ስቶኪንግ የሚያደርግ ማን አለ? ከዚያ ዓይኑ ወገቤ ላይ አረፈ።

"መቀነቴን ነው?"

"ጠንካራ ይመስላል እማማ።"

"ወንዶች ፊታችሁን አዙሩ!" አልኩ። ኃላፊው ሳይቀር ወደ ጫካው ዞረ። ሾፌሩ መቀነቴን እንደ ገመድ አክርሮ ቋጠረው። የጥጥ ጭስ እየሸተተን፣ ሞተሩን በየጥቂቱ እያሳረፍን፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ሄድን። እኔ በሁለት እጄ ቀሚሴን ይዣለሁ። ከኋላዬ የተቀመጠች አንዲት ረጅም የኑዌር ሴት ይህን አይታ ከጓዟ ሰማያዊ ጨርቅ አወጣችና ስንቆም ወርዳ በገዛ እጇ ወገቤን አሰረችልኝ። አንድም የምንግባባበት ቃል አልነበረንም። እሷ አንድ ነገር አለች፣ እኔ አንድ ነገር አልኩ፣ ሁለታችንም ሣቅን።

መንደሩ ስንደርስ አንድ ሱቅ በር ላይ ቺንጋ እንደ ቋንጣ ተሰቅሎ አገኘን። ሾፌሩ አዲሱን ገጠመና "አዲስ መቀነት አመጣልዎታለሁ" ብሎ ማለ። እስካሁን አላመጣም። ሰማያዊውን ጨርቅ ግን ለማንም አልሰጥም።

ጋምቤላ ስንገባ ደረጀ የጠበቀኝ በባጃጅ ነው። አሮጌ ፒካፕ እንዳለው አውቃለሁ፤ ፑኝዶ የሚወስደንም ያ መኪና ነበር። ሾፌር ቀጥሮ ሰውና ዕቃ ያስጭንበታል።

"መኪናህስ?" አልኩት።

"ቆማለች።"

"ተበላሽታ?"

"መኪናዋ ምንም አልሆነችም እማዬ። የተበላሸው ሾፌሩ ነው።"

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ ጣራው ላይ "ዷ!" የሚል ነገር ሰማሁና ቤቱ በድንጋይ ተመታ ብዬ ዱላ ይዤ ወጣሁ። ሐና በሣቅ ተንከባለለች። "አያቴ፣ ማንጎ እኮ ነው!" እኛ ዘንድ ማንጎ ከገበያ ተገዝቶ ለቤተሰቡ ይከፋፈላል። እዚህ ራሱ መጥቶ ጣራ ያንኳኳል።

አሪየት አንሶላዬን ውኃ ውስጥ ነክራ፣ ጨምቃ፣ አልብሳኝ ስለነበር ደህና አድሬአለሁ። ቁርስ ላይ ደረጀን ስለ ሾፌሩ ጠየቅሁት። ሾፌሩ ኡጁሉ ይባላል፤ መኪናዋን ለዓመታት ይዟታል። ባለፈው ሳምንት ለፑኝዶ መንገደኛ ተጭኖ ሳለ፣ በሞተሩ ውስጥ ያለው ታይሚንግ ቺንጋ ካልተቀየረ አልነዳም ብሎ ሰዉን አወረደ።

"ቺንጋው ተበጥሷል?" አልኩ።

"አልተበጠሰም! አይጮህም፣ አይንጫጫም። የሚሠራ ነገር ለምን ይቀየራል? የፋኑን ቺንጋ ሲጮህ ቀይሬለታለሁ። ይሄኛው ዝም ብሎ እየሠራ ነው። ሥራ ስላስጠላው ነው።"

እውነቱን ልናገር፣ ልጄ ትክክል መሰለኝ። የወፍጮ ቺንጋ ከመበጠሱ በፊት ይጮሃል። ግን አንድ ወገን ሰምቶ መፍረድ አልወድም።

ከሰዓት በኋላ አሪየት ባሮ ዳር ወሰደችኝ። የኛ ወንዞች በጫካ ውስጥ እየተጣደፉ ያልፋሉ፤ ባሮ ግን የሚቸኩልበት ጉዳይ የለውም። ሴቶቹ ልብስ ያጥባሉ፣ ልጆቹ ይዋኛሉ፣ ታንኳዎች ወዲያና ወዲህ ይላሉ። አንድ ቀጭን ሰው መረብ ከሚጠግኑ ዓሣ አጥማጆች መሐል ተነሥቶ ወደ እኛ መጣ።

"እማማ፣ ኡጁሉ ነው። የደረጀ ሾፌር" አለችኝ አሪየት።

"የነበረ" አለ እሱ፣ እጄን በሁለት እጁ እየያዘ።

"እንግዲህ ንገረኝ። ለምን አልነዳም አልክ?"

"ማዘር፣ እኔ ፈሪ አይደለሁም። የፑኝዶ መንገድ ሲዘንብ ጭቃ ነው፤ እነዳለሁ። ሲደርቅ አቧራ ነው፤ እነዳለሁ። ግን ያ ቺንጋ እኔ መኪናዋን ከያዝኩ ጀምሮ አልተቀየረም። ከዚያ በፊት ማን እንደቀየረው አይታወቅም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋም ሞቷል። ስንት እንደሄደች እግዜር ነው የሚያውቀው።"

"ግን አይጮህም።"

"መጥፎነቱ እሱ ነው ማዘር። የፋን ቺንጋ ውጭ ነው፤ ታይዋለሽ፣ ትሰሚዋለሽ። ይሄ ክዳን ውስጥ ነው። ጥርስ አለው። የሞተሩን ላይና ታች እኩል የሚያስኬደው እሱ ነው። እሱ ሲበጠስ ላይና ታች ይጋጫሉ፤ ሞተሩ ያልቃል። በቺንጋ ፈንታ ካቴና ያላቸው መኪናዎች አሉ። ካቴና ሲላላ ጠዋት ስታስነሺው ይንኳኳል፣ ይነግርሻል። ቺንጋ ግን ዝም ብሎ ይሠራል፣ ይሠራል፣ አንድ ቀን የለም።"

ወንዙን እያየ ቀጠለ። "ከአቦቦ ከተማ ወዲያ ስትቆሚ ጥላ የለም። ከኋላ የጫንኩት ሕመምተኛ ነው፣ እርጉዝ ናት፣ ሽማግሌ ነው። ደረጀ ያን ጊዜ ቢሮ ነው። ፀሐይ ላይ ቆሜ ሰዉን የማየው እኔ ነኝ።"

"ይህን ለእሱ ነግረኸዋል?"

"ብዙ ጊዜ። መጨረሻ ላይ መናኸሪያ መጣ። ሾፌሮቹ ሁሉ ሻይ እየጠጡ ነበር። 'ወንዝ ዳር መተኛት ነው ያማረህ፣ ሰነፍ' አለኝና ቁልፉን ከእጄ ወሰደ። አሁን መኪና ስጡኝ ብል ማን ይሰጠኛል? ሰነፍ ተብያለሁ።"

ማታ እራት ላይ ለደረጀ ፍርዴን ነገርኩት። "ነገ መኪናዋ ትከፈት። ኡጁሉም ይምጣ። ቺንጋው ደህና ከሆነ እሱ ይቅርታ ይጠይቅሃል፤ ካልሆነ አንተ ትጠይቀዋለህ።"

"እማዬ፣ ነገ ፑኝዶ እንሄዳለን ብለን ልከናል እኮ! ሌላ ሾፌር አግኝቻለሁ።"

"እንግዲያው ከሾፌርህ ጋር ሂድ። እኔ አልሳፈርም።"

"እኔም" አለች አሪየት።

"እኔም!" አለች ሐና አፏ ሙሉ ምግብ እያለ።

ደረጀ ሦስታችንንም አየን። "ቤቱ የሠራተኛ ማኅበር ሆኖልኛል" አለ።

ረቡዕ

ረቡዕ መሆኑን ራሴ ረስቼው ነበር። አሪየት ጴንጤ ናት፤ ጾም አትቆጥርም። ሆኖም ለቤቱ ዓሣ ስትሠራ ለእኔ ለብቻው በትንሽ ድስት ሽሮ አስቀምጣልኝ ነበር። "ዛሬ ረቡዕ አይደል እማማ?" አለችኝ። እንዲህ ያለች ምራት ከጎሬም ቢሆን ተፈልጋ አትገኝም። የጎሬ ምራቶቼ ይህን ሲያነቡ ይቅር ይበሉኝ።

ጋራዡ ማለት ትልቅ የማንጎ ዛፍ ነው። ጋሽ ሰይፉ የሚባል መካኒክ ቅርንጫፉ ላይ ዕቃ መፍቻዎቹን ሰቅሎ ከሥሩ ይሠራል። እኛ አገር ጋራዥ የሚመረጠው ዝናብ እንዳያስገባ ነው፤ እዚያ የሚመረጠው በጥላው ነው። ደረጀ መኪናዋን በቀስታ ነድቶ አመጣት። ኡጁሉም መጣ፤ ሁለቱ ሰላም ተባብለው በሁለት ወገን ቆሙ።

ጋሽ ሰይፉ ክዳኑን ፈታ። የእጅ ባትሪውን አብርቶ አጎንብሶ ብዙ አየ። ልቤ ይመታል፤ ለማን እንደሚመታ አላውቅም።

"ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። ጥርሱ አለ፣ አልተላጠም" አለ።

ደረጀ አጨበጨበ። "ይኸው! ጋሽ ሰይፉ፣ ድገመው! እማዬ፣ ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ ይቅርታውን ልስማ!"

ሕጉ የእኔ ነበርና ወደ ኡጁሉ ዞርኩ። እሱም ወደ ደረጀ አንድ እርምጃ ቀረበና፣ "እሺ። ማዘር ካለች ይቅርታ እላለሁ" አለ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። "ግን አልነዳትም።"

ይህ ሰው ይቅርታ ብሎ ሥራውን ሊያገኝ ይችል ነበር። ይቅርታውን ሰጥቶ ሥራውን ተወ። ሰነፍ እንዲህ አያደርግም።

"ቆዩ!" አልኩ። "ወፍጮ ቤታችን ቺንጋ እንደተሰቀለ ተፈርዶለት ያውቃል? ይውረድ።"

"ሕጉን ለወጥሽው!" አለ ደረጀ።

"ትንሽ ለወጥኩት። ቺንጋ ከላይ ብቻ ታይቶ ሰው ሰነፍ አይባልም።"

ጋሽ ሰይፉ ጉሮሮውን ጠረገ። "አንድ ነገር ልንገራችሁ። ካወረድኩት አሮጌውን መልሼ አልሰቅልም። መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ቺንጋ፣ መልኩ ቢያምርም፣ መኪናዋን የገዛችሁ ቀን ነበር መለወጥ ያለበት። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። በዚህ ሙቀት ደግሞ ይብስበታል።"

"አውርደው" አለ ደረጀ። ያሸነፈ መስሎት ስለነበር ቸር ሆኗል።

ቺንጋው ሲወርድ ጋሽ ሰይፉ ለደረጀ አቀበለውና እጁን በጋዝ ሊታጠብ ዞረ። ኡጁሉ ከእኛ ርቆ በመንገዱ የሚያልፉትን ባጃጆች ያያል።

እዚህ ላይ ስለ ወፍጮ ቤታችን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በየዓመቱ አዲሱ በቆሎ ከመግባቱ በፊት ቺንጋውን እናወርድ ነበር። ቢጮህም ባይጮህም። ጎማን ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ኋላ ገልብጠው ሲያጥፉት የደበቀውን ያወጣል። አንድ ስንጥቅ እንኳ ካየን ይጣላል፤ ቺንጋ ሥራ በሌለበት ቀን አይበጠስምና፤ የሚበጠሰው ሰው ከሩቅ እህሉን ተሸክሞ በሩ ላይ የተሰለፈ ዕለት ነው። ያን የማጠፍ ሥራ የሚሠራው ልጃችን ደረጀ ነበር።

አሁንም ሳያስብ አጠፈው። ዓይኑ እኔ ላይ ነው፣ አፉ ያወራል፣ አውራ ጣቱ ግን በልጅነቱ እንደለመደው ጎማውን ገልብጦ በጥርሶቹ መካከል ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ አውራ ጣቱ ቆመ። አፉም ቆመ። ጎንበስ ብሎ አየ። ትንሽ ገፋ አድርጎ ደግሞ አጠፈ። እዚያም።

ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ማንም ዞሮ አላየም። አሮጌ ቺንጋ ነው፤ ከአሮጌ ዕቃ መሐል ቢወረውረው ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ ኡጁሉም ይቅርታ ጠይቆ ይሄድ ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። በሕይወቴ እንዲህ የከበደኝ ዝምታ የለም። ልጄን ሠላሳ ጊዜ ብመክረው አንድ ጊዜ ራሱ እንደሚያደርገው አይሆንም።

"ኡጁሉ" አለ ደረጀ። "ና እስቲ።"

ኡጁሉ መጣ። ደረጀ ቺንጋውን ፊቱ ላይ አጠፈው። ሲዘረጋ ለስላሳ የነበረው ጎማ ሲታጠፍ በየጥርሱ ሥር እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጠቀ። አንደኛው ጥርስ ከሥሩ ሊነቀል ጥቂት ቀርቶታል። ጋሽ ሰይፉም መጥቶ አየና በዝግታ አፏጨ።

"ፑኝዶ አይደርስም ነበር" አለ ደረጀ።

"ይደርስ ይሆናል። አይመለስም ነበር" አለ ኡጁሉ።

ከዚያ ደረጀ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት። እኔ እጁን ያዝኩት።

"የሰደብከው የት ነው?"

"እማዬ..."

"የት ነው?"

"መናኸሪያ።"

"ታዲያ እዚህ ማንጎው ይስማህ?"

ሐሙስና ዓርብ

ሐሙስ ጠዋት ከአሪየት ጋር በባጃጅ አሮጌውን ቺንጋ ይዘን የመለዋወጫ ሱቁን ሁሉ ዞርን። አንዱ ይጠብባል፣ አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ጥርሱ ሌላ ነው። አንድ ባለ ሱቅ "ይሄም ይሆናል፣ ትንሽ ይሳባል" ቢለኝ፣ "የአንተ ጥርስ ይሳብ" አልኩት። ከጎሬ ሴት ጋር አትከራከር አለና ወንበር ሰጥቶ ቀዝቃዛ ውኃ ጋበዘኝ። ጅማ ያለ ወንድሙ ጋ ደውሎ ትክክለኛውን በማግስቱ አውቶቡስ ያስላከልንም እሱ ነው።

በሻይ ሰዓት መናኸሪያ ሄድን። ደረጀ በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ጫማውን አሰረ። ሾፌሮቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ኡጁሉም ከዳር አለ።

"ባለፈው እዚህ ኡጁሉን ሰነፍ ብዬው ነበር" አለ ደረጀ ቆሞ። "ሰነፍ አልነበረም። ቺንጋው ሞቶ ነበር። እሱ አውቋል፣ እኔ አልሰማሁም። ይቅርታ።"

አንዱ ሾፌር፣ "አቶ ደረጀ፣ ለእኔም አለቃ እንዲህ ብለህ ንገርልኝ!" ሲል ቦታው በሣቅ ፈረሰ። ሌላው ለደረጀ ወንበር ሳበለት።

ደረጀ ቁልፉን ዘረጋ። ኡጁሉ ግን አልተቀበለም።

"ቁልፉን ብቻ አልፈልግም" አለ።

"ምን ትፈልጋለህ?"

"መኪናዋ ትቁም ስል ትቆማለች። ቺንጋ ይቀየር ስል ይቀየራል። የምነዳው እኔ ነኝ።"

ሾፌሮቹ ሣቃቸውን አቁመው ደረጀን አዩ። ደረጀ እኔን አየኝ። እኔ ሻዬን አየሁ።

"ይሁን" አለ።

ኡጁሉ ቁልፉን ተቀበለ።

ዓርብ አዲሱ ቺንጋ ደረሰ። ጋሽ ሰይፉ የላዩንና የታቹን ምልክት አስተካክሎ ሲገጥም ኡጁሉ አጠገቡ ተንበርክኮ ነበር፤ ሞተሩን መጀመሪያ በእጃቸው አዞሩት፣ ከዚያ በቁልፍ። ስትነሣ እኔ ምንም ልዩነት አልሰማሁም። ኡጁሉ ግን ጥርሱ ሁሉ ታየ። ጋሽ ሰይፉም በነጭ ቀለም ክዳኑ ላይ የተቀየረበትን ቀን ጻፈ፤ ከእንግዲህ የሚገምት የለም።

ቅዳሜ

ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። አሪየትና ሐና ከኡጁሉ ጋር ከፊት፣ ደረጀና እኔ ከኋላ፤ ከኋላው መጫኛ ላይ ደግሞ የመንገዱ ሰው። ሜዳው ማለቂያ የለውም። እኛ ተራራ ሲከልለን ስለኖርን እንዲህ ሩቅ ማየት መጀመሪያ ያስፈራል፣ ቆይቶ ያስደስታል። ዝንጀሮዎቹ መንገድ ላይ ተቀምጠው እንደ ኬላ ጠባቂ ያዩናል። ኡጁሉ ሴት ቆማ ካየ ያቆማል፤ ጆንያዋን ራሱ ይጭናል። ደረጀ አንድ ጊዜ "ሞላ እኮ" ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው።

የአሪየት እናት አቻላ ትባላለች። ከእኔ በአንድ ራስ ትረዝማለች። ከመኪናው ስወርድ ሁለት ጉንጬን በመዳፏ ይዛ ብዙ ጊዜ አየችኝ፤ እኔም የእሷን ያዝኩ። ሐና በመሐላችን ቆማ ልብሳችንን ትጎትታለች። የእኔ አማርኛ፣ የእሷ አኙዋኛ ነው፤ ሁለታችንም ድምፃችንን ከፍ ስናደርግ የምንግባባ ይመስለናል።

ምሳው የበቆሎ ገንፎና ዓሣ ነበር። የኛ ገንፎ መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ ይይዛል፤ የእነሱ ከዓሣው መረቅ ጋር ይበላል። ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ። ማሬን ስሰጣት ጣቷን ነክራ ቀመሰችና ማሰሮውን ወዲያው ከሐና ሰወረችው። ያን ጊዜ እህት መሆናችን ገባኝ።

አሪየት ውኃ ልታመጣ ወጥታ ሳለ አቻላ አንድ ነገር ጠየቀች። ኡጁሉ አስተረጎመ። "ለረቡዕ ብላችሁ ለምን ቅዳሜ መጣችሁ ነው የምትለው።"

ደረጀ ጉሮሮው ላይ ምግብ ያዘው። ኡጁሉ አላስጠበቀውም፤ ራሱ በአኙዋኛ መለሰላት። አቻላ በሐዘኔታ አየችኝና ጀርባዬን አሸት አሸት አደረገችው። አሪየት ከውጭ ሆና ሣቋን ለቀቀችው።

"እማማ፣ ምን እንዳላት ታውቂያለሽ? 'እንግዳዋ አሮጊት ናት፣ መንገዱ ጎድቷት ተኝታ ነበር' አላት!"

"እኔ? ተኝቼ?" አልኩ። "ኡጁሉ! በማን ላይ ነው የምትዋሸው?"

"ማዘር፣ አማቱ ፊት ነው" አለ ኡጁሉ በለሆሳስ። "ሰውየውን እዚህም ላዋርደው?"

ቁጣዬ ጠፋ። ቢሆንም ውሸቱ የእኔን ወገብ በሽተኛ ስላደረገው አልተቀበልኩም። "ደረጀ" አልኩ።

ደረጀ ገና ሳልጨርስ ምግቡን አስቀምጧል። አኙዋኛው እንደ እኔ ጽሕፈት ነው፤ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ ግን ይሄዳል። አሪየት ገብታ አጠገቤ ተቀምጣ በሹክሹክታ ታስተረጉምልኛለች። "ውሸት ነው፣ እናቴ አልታመመችም አለ... ቺንጋው አርጅቶ ነበር፣ ኡጁሉ ነገረኝ፣ አልሰማሁም አለ... ሰው ፊት ሰደብኩት፣ ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት አለ... እማዬ መኪናው ላይ አልወጣም ብላ እምቢ አለች አለ።"

አቻላ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ደረጀ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ሴትዮዋ ከሆዷ ሣቀች፤ ከሣህኑ ትልቁን የዓሣ ቁራጭ አንሥታ ለኡጁሉ ሰጠችውና አንድ ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?" አልኩ።

"'ከእንግዲህ መቼ ትመጣላችሁ ብዬ የምጠይቀው አንተን ነው' አለችው" አለች አሪየት።

ወደ ማምሻው በስተ ምዕራብ ደመና ከበደ። ደረጀ ሳይጨልም ጋምቤላ እንገባለን ብሎ አስቦ ስለነበር ተነሥቶ ሰዓቱን አየ፣ ሰማዩን አየ። ከዚያ ወደ ኡጁሉ ዞረ።

"እንዴት ነው?" አለው።

ኡጁሉ ወጥቶ ሰማዩን አየ፣ መንገዱን አየ፣ በቀኙ ጫማ መሬቱን ጫን አደረገው።

"ነገ ጠዋት" አለ።

"ነገ ጠዋት" አለ ደረጀም፣ ምናልባት ብናድር ብለን የጫንናቸውን አጎበሮች ሊያወርድ ወደ መኪናው ሄደ።